የእቃቃ ዓለም፦ ጥቃቅን አሻንጉሊቶችንና ዕቃዎቻቸውን ስለ መሰብሰብ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



የዛሬው ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ እንዳልቀረ እገምታለሁ። በዚህ አዳራሽ ስለ ብራና መጻሕፍት፣ ስለ ቅኔና ስለ መሬት ሥሪት ሲነገር ለምደናል፤ ስለ አሻንጉሊት ግን አልለመድንም። አሻንጉሊት የልጅ ነገር ነው፤ የልጅ ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ ከቁም ነገር አይቆጠርም። እኔ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው በጉንደ ወይንና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ሕፃናት በእጃቸው የሚሠሯቸውን ጥቃቅን አሻንጉሊቶችና መጫወቻ ዕቃዎች ስመዘግብና ሳሰባስብ ቆይቻለሁ። ከዚያ ሥራ ያገኘሁትን አንድ ሐሳብ ዛሬ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ሐሳቡ ይህ ነው። አሻንጉሊት ብቻዋን ብዙ አትናገርም። የሚናገሩት በዙሪያዋ ያሉት ዕቃዎች፣ ዕቃዎቹ የሚጠሩባቸው ቃላትና ልጆቹ በጨዋታ መካከል የሚለዋወጡት ንግግር ናቸው። ስለሆነም አንድ ስብስብ ዕቃውን ከነስሙ፣ ከነአሠራሩና ከነጨዋታው ካልያዘ መደርደሪያ ከመሙላት የዘለለ ጥቅም የለውም። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ሌላው ዓለም ጥቃቅን ነገሮችን ሲሰበስብ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጣ እናያለን። ከዚያም ወደ አገራችን፣ በመጨረሻም ወደ ጉንደ ወይን እንመለሳለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዓለም ሙዚየሞች ከሚታዩት ጥቃቅን ሥራዎች በጣም ጥንታዊ ከሆኑት መካከል በግብፅ ከመከትሬ መቃብር የተገኙት የእንጨት ምስሎች ይገኙበታል። ዕድሜያቸው 4000 ዓመት ገደማ ነው፤ የተገኙትም በ1920 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ባሰማራው ቡድን ነበር። ዳቦ ቤቱ፣ የሽመና ቤቱ፣ ጎተራው፣ የከብት ቆጠራው ሁሉ ከነሠራተኞቹ በትንሹ ተሠርቷል። እነዚህ ምስሎች የሙታን እንጂ የሕፃናት አልነበሩም። ሆኖም የጥንት ግብፃውያን ሸማኔዎች እንዴት ተቀምጠው እንደሚሠሩ፣ እህል እንዴት እንደሚሰፈር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከታላላቆቹ ሐውልቶች ይልቅ ወደ እነዚህ ጥቃቅን እንጨቶች ይሄዳል። ሐውልቱ ንጉሡን ሲያሳይ ጥቃቅኑ ምስል ሥራውን ያሳያል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጀርመን ነው። የባቫርያው መስፍን አልብረክት 5ኛ በ1558 ገደማ በሙኒክ አንድ የአሻንጉሊት ቤት አሠራ። ያ ቤት ዛሬ የለም። ነገር ግን በ1598 የተዘጋጀ የንብረት መዝገብ ክፍሎቹንና በውስጣቸው የነበሩትን ዕቃዎች ዘርዝሮ ስለነበር፣ ዕቃው ከጠፋ በኋላ እንኳ ምን እንደነበረ ማወቅ ተችሏል። ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ዕቃው ጠፍቶ መዝገቡ ቀርቷል። ለእኛ ዓይነቱ፣ ከጭቃና ከቆረቆንዳ ለሚሠራ ዕቃ፣ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም።

ሦስተኛው በአምስተርዳም፣ በራይክስ ሙዚየም ይገኛል። ፔትሮኔላ ኦርትማን የተባለች የባለጸጋ ነጋዴ ሚስት ከ1686 እስከ 1710 ባሉት ዓመታት ያሠራችው ቤት ነው። ወጥ ቤቱ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የሕፃናት ክፍሉ፣ ሸክላው፣ ቅርጫቱ ሁሉ እንደ እውነተኛው ቤት በየባለሙያው እጅ ተሠርቷል። በቤቱ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የሰም አሻንጉሊቶች ግን አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ስለ እነርሱ የምናውቀው ያዕቆብ አፔል የተባለ ሠዓሊ በ1710 ገደማ ቤቱን በሥዕል ስላስቀረው ነው። ሰዎቹ ጠፍተው ዕቃዎቹ ቢቀሩም ቤቱ ዛሬም ይነበባል፤ ዕቃዎቹ ጠፍተው ሰዎቹ ብቻ ቢቀሩ ኖሮ ግን ጥቂት የሰም ምስሎች ብቻ በቀሩን ነበር።

ከዚህ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ጥቃቅን ዕቃዎችን መሰብሰብ የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ሰብሳቢዎቹ በብዛት የሚጠቀሙበት ምጥጥን 1 ለ 12 ነው፤ ማለትም በእውነተኛው ቤት አንድ ጫማ ርዝመት ያለው ነገር በአሻንጉሊቱ ቤት አንድ ኢንች ይሆናል። በ1924 ተሠርቶ ያለቀው፣ ኤድዊን ለትየንስ የነደፈው የእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት የተሠራው በዚህ ምጥጥን ነው። ስለ ምጥጥን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ የጉንደ ወይን ልጆች ሌላ ዓይነት ምጥጥን አላቸውና።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በአክሱም አጠገብ በሐውልቲ በ1950ዎቹ መጨረሻ በተደረገው ቁፋሮ ከሸክላ የተሠሩ ጥቃቅን የእንስሳት ምስሎችና የቤት አምሳያዎች ተገኝተዋል። ትንሽ ቤትና ትንሽ ከብት ከአፈር መሥራት፣ ዓላማው ምንም ይሁን ምን፣ በዚህ ምድር ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው የደገኛው ክርስቲያናዊ ሥነ ጥበብ ግን ትልቁን ቦታ የያዘው ሥዕል ነው። በጨርቅ ላይ፣ በብራና ላይ፣ በእንጨት ላይ እጅግ ብዙ የሰው መልክ ተሥሏል። ዙሪያውን ታይቶ በእጅ የሚያዝ፣ የቆመ የሰው ምስል ግን ከሥዕሉ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። እንግዲህ በደጋው አገር የሰውን ምስል ከአፈርና ከጨርቅ የመሥራት ሥራ በአብዛኛው ለማን ቀረ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ለሸክላ ሠሪዎችና ለሕፃናት የሚል ይመስለኛል። ሁለቱም የተናቁ ነበሩ።

ሸክላ ሠሪዎች «ቡዳ» እየተባሉ ይገለሉ እንደነበር፣ በአንዳንድ ስፍራም ዛሬ ድረስ ይህ አስተሳሰብ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ታውቃላችሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ የደረሱት ንቀቱ የቱን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። የልጆች የጭቃ ሥራ ደግሞ ከስድብ እንኳ በታች ነበር፤ የሚሰድበው ሰው ቀርቶ የሚያየውም አልነበረም። ልብስሽን በጭቃ አበላሸሽ ተብላ የምትቆጣ ልጅ እንጂ፣ ምን ሠራሽ ተብላ የምትጠየቅ ልጅ ማግኘት ይከብዳል።

ሸክላ ሠሪዎቹ የሠሯቸው ጥቃቅን ምስሎች ሰብሳቢ ያገኙት በሌላ መንገድ ነው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ጥቃቅን የሸክላ ምስሎችን እየሠሩ ለጎብኚዎች ይሸጡ ነበር። አንበሳ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ጀበና የያዘች ሴት፣ ኦሪት የታቀፈ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14000 በላይ ሰዎች ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን ማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል ሲሄድ፣ የሠሪዎቹ እጅ ከወለቃ አፈር ተለየ። ምስሎቹ ግን በየአገሩ በሰብሳቢዎች መደርደሪያ ቀርተዋል። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ የሠሪያቸው ስም ያልተጻፈባቸው መሆናቸው ነው።

በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና ባሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮችም የአገር ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች፣ በመዳፍ የሚያዙ መሶቦች፣ ጣት የማያህሉ ጀበናዎች ይሸጣሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለልጆቻቸው የሚገዟቸው እነዚህን ነው፤ ልጅ የወላጆቿን አገር በእጇ እንድትይዝ መመኘትም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እነዚህ አዋቂዎች ለገዢ ዓይን የሚሠሯቸው ዕቃዎች ናቸው። ገዢው የሚፈልገውን ኢትዮጵያ ያሳያሉ፤ ሁልጊዜ በዓል ነው፣ ሁልጊዜ ቀሚሱ ነጭ ነው። ልጅ ለራሷ የምትሠራት አሻንጉሊት ግን የምታሳየው የአዘቦቱን ቀን ነው።

እንግዲህ ወደ እቃቃ ደረስን። እቃቃ፣ አንዳንዶች «እቃ እቃ» የሚሉት፣ ልጆች ቤት ሠርተው፣ ሰው ሆነው፣ ዕቃ ዘርግተው ኑሮን የሚጫወቱበት ጨዋታ ነው። ስሙ ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጨዋታው የተጠራው በአሻንጉሊቷ ስም አይደለም፤ በቤቱ ስምም አይደለም። የተጠራው በዕቃው ነው። ልጆቹ እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምደክምበትን ነገር በአንድ ቃል ተናግረው ጨርሰዋል።

በጉንደ ወይን አካባቢ እቃቃ ወቅት አለው፤ ወቅቱን የሚወስነው ማቴሪያሉ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጊዜው የጭቃ ነው። ከብት የሚጠብቁ ወንዶች ልጆች ከወንዝ ዳር የሚያጣብቅ አፈር እያወጡ በሬ ይሠራሉ። በመስከረም የጓሮው በቆሎ ሲደርስ ጊዜው የቆረቆንዳ ነው። ሴቶቹ ልጆች ቆረቆንዳውን አካል፣ የበቆሎውን ጸጉር ጸጉር ያደርጉታል። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶና አክርማ ይገኛል፤ ስፌት መልመድ የጀመረች ልጅ ከእናቷ ከተረፈው አለላ አውራ ጣት የምታህል ሙዳይ ትሰፋለች። በበጋ ደግሞ ተራው የጨርቅ ነው። ሁለት እንጨት በመስቀል ቅርጽ ታስሮ ከእናት ያረጀ ቀሚስ በተገኘ እራፊ ይለበሳል፤ የነጠላ ጥለት ቁራጭ ከተገኘ ያቺ አሻንጉሊት ሙሽራ ናት።

ዕቃዎቹንም ልዘርዝር። የተሰበረ እንስራ ገል ምጣድ ይሆናል፤ ሌላ ገል ተሞርዶ አክንባሎ ይሆነዋል። ሦስት ጠጠር ጉልቻ ነው። የጠርሙስ ቆርኪ ስኒ ነው፣ ከተጠቀጠቀ ደግሞ ሳህን። እንጀራው ጭቃ፣ ወጡ የተቀጠቀጠ ቅጠል፣ ቡናው የከሰል ዱቄት ነው። ከወንዶቹ ዘንድ ስትሄዱ የጭቃው በሬ ብቻውን አይቆምም። ቀንበር አለው፤ ቀንበሩ ማነቆ አለው፤ ከቀንበሩ ሞፈር በምራን ይታሰራል፤ ከሞፈሩ ጫፍ እርፍ፣ ድግርና ማረሻ ይከተላሉ። ከስንጥርና ከልጥ የሚሠራ፣ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ ነገር ነው። ይሁንና አንዱ ክፍል ከጎደለ ጓደኞቹ «ይሄ በምን ያርሳል?» ብለው ሠሪውን ይሳለቁበታል። ይህ ሳቅ ፈተና ነው። ልጁ ገበሬ ከመሆኑ በፊት የእርሻን ዕቃ አካላት በስም ቆጥሮ፣ በቦታ በቦታቸው ገጥሞ፣ በእኩዮቹ ፊት ፈተናውን ያልፋል።

ስለ ምጥጥን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ባሰባሰብኋቸው ዕቃዎች ውስጥ አንዲት የቆረቆንዳ አሻንጉሊት ከነዕቃዎቿ አለች። አሻንጉሊቷ አንድ ስንዝር ትሆናለች፤ ምጣዷ ግን ከቁመቷ ይሰፋል። ቤቷ ደግሞ እግሯን እንኳ አያስዘረጋም። የ1 ለ 12 ሰብሳቢ ይህን ጉድለት ይለው ይሆናል። እኔ ግን እንደ ሥዕል አነበዋለሁ። በጥንታዊ ሥዕሎቻችን ቅዱሱ ከፈረሱና ከአገልጋዩ ጋር ሲሣል መጠኑን የሚወስነው የዓይን ርቀት ሳይሆን የክብር ደረጃ እንደሆነ፣ በእቃቃም መጠንን የሚወስነው የዕቃው ክብደት በኑሮ ውስጥ ነው። ልጅቷ የምታውቀው ቤት ምጣድ ዙሪያ የሚዞር ቤት ነው፤ ስለዚህ ምጣዱ ትልቅ ነው። ሚዛኑ የተወሰደው ከሜትር ሳይሆን ከኑሮ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረኝ ዕቃ ግን አንቀልባው ነው። እናቶች ልጅ የሚያዝሉበት፣ አንዳንዴም በዛጎል የሚያጌጥ ቆዳ ነው። ትንሿ ልጅ ከአሮጌ ቆዳ ቁራጭ ወይም ከጨርቅ አንቀልባ ሠርታ አሻንጉሊቷን ታዝላለች፤ እሹሩሩ ትላለች። ጎብኚ ይህን ቢያይ ፎቶ አንስቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። አጥኚ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ ይህች ልጅ እውነተኛ ልጅ ማዘል የምትጀምረው መቼ ነው? በብዙ ቤት መልሱ «ታናሿ እንደ ተወለደ» የሚል ነው፤ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ማለት ነው። በእቃቃ ውስጥ ሙሽራ ሙሽራም አለ። በአካባቢያችን ያለ ዕድሜ ጋብቻ የቆየ ችግር ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ቢደነግግም፣ ልማዱ በአንድ አዋጅ አልተቋረጠም። እንግዲህ የአሻንጉሊቷ ሙሽርነት ጨዋታ ነው ብለን የምናልፈው፣ ለአንዳንዷ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጨዋታ ሆኖ እንደማይቀር እያወቅን ነው።

ይህን የማነሣው እቃቃን ለመኮነን አይደለም። የልጅነት ዘመን ሁሉ ማር ነበር ብሎ የሚሰበስብ ሰው የሚሰበስበው የራሱን ናፍቆት ስለሆነ ነው። በጨዋታው ውስጥ ልጆቹ ኑሮን መቅዳት ብቻ ሳይሆን ይዳኙታልም። «አባት» የሆነው ልጅ ሰክሮ ሲገባ፣ «እናት» የሆነችው ልጅ ከቤት ስታስወጣው፣ ሌሎቹ ሽማግሌ ሆነው ሲያስታርቁ አድምጫለሁ። በእውነተኛው ቤት ልትናገረው የማትችለውን ቃል በእቃቃ የምትናገር ልጅ አለች። ያንን ቃል ያልመዘገበ ሰብሳቢ ቆረቆንዳና ገል ሰብስቧል፤ እቃቃን ግን አልሰበሰበም።

ታዲያ እስካሁን ማን ሰበሰበ? በዚህ ረገድ የጎጃም ስም ከጥንት ተነሥቷል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1928 እና በ1929፣ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን በሚያስተዳድሩበት ዘመን፣ ወደዚህ አገር መጥቶ ነበር። በ1935 በፓሪስ ያሳተመው አንድ መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች ብቻ የተጻፈ ነው። በ1931 ግሪዮል የመራው የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ ሲነሣ ለሰብሳቢዎች የተዘጋጀው መመሪያም ከውድና ከብርቅ ዕቃ ይልቅ ተራው የዕለት ዕቃ ስለ አንድ ማኅበረሰብ የበለጠ እንደሚናገር ያስተምር ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ያው ጉዞ በ1932 ጎንደር በቆየበት ጊዜ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳቸው ተነሥተው፣ በቦታቸው ቅጂ ተተክቶ፣ ወደ ፓሪስ ተወስደዋል። ስለዚህ ከአንድ ጉዞ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን፤ ምን መሰብሰብ እንደሚገባና እንዴት መሰብሰብ እንደማይገባ።

በአገራችን በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑለት፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ሙዚየሙ የባህል ዕቃዎችን በሰው የሕይወት ዑደት ቅደም ተከተል አሳይቷል። ከልጅነት ይጀምራል፣ ወደ ጉልምስና ይሻገራል፣ በሞት ይደመደማል። ልጅነት በሙዚየም ውስጥ የራሱ ክፍል እንዲኖረው ማድረግ ታላቅ እርምጃ ነው። የሚቀረው የአካባቢዎች ሥራ ነው። ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚመጣ አጥኚ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅ ማርያምንና መርጡለ ማርያምን ለማየት ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከታላላቆቹ ገዳማት በር ላይ የሚጫወቱትን ልጆች አልፎ ይገባል። አበው «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይላሉ፤ እኛ ጋኑን መዝግበን ጠጠሩን ትተናል።

አሁን ወደ ሥራው አካሄድ ልግባ። የማቀርባቸው አምስት ነጥቦች ናቸው።

አንደኛ፣ ዕቃውን ከማንሣት በፊት ጨዋታውን ማየት ይገባል። ዕቃዎቹ በመሬት ላይ የተዘረጉበት አቀማመጥ ራሱ መረጃ ነው። ጉልቻው ከበሩ በየት በኩል ነው? በሬዎቹ ከቤቱ ምን ያህል ርቀዋል? ፎቶ ሲነሣ ማስመሪያ ከአጠገቡ ይቀመጥ፤ ከሁሉ በፊት ግን ባለበት ሁኔታ ይነሣ።

ሁለተኛ፣ ስሞቹ በሠሪው አንደበት ይጻፉ። «የእንጨት መጫወቻ» ብሎ መዝግቦ ማለፍ መዝገብ አይባልም። ልጁ «ድግር» ካለ ድግር፣ «ወገል» ካለ ወገል ተብሎ ይጻፍ። መዝገበ ቃላት ያልያዘው የአካባቢ ቃል ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ባለ ስፍራ ነው። የሠሪው ዕድሜና የተሠራበት ወር ይመዝገብ። የልጁ ስም ግን በወላጅ ፈቃድ በተቋሙ መዝገብ ይያዝ እንጂ ለሕዝብ አይውጣ።

ሦስተኛ፣ ባለቤቷ ልጅቷ ናት። አሻንጉሊቷን መስጠት ካልፈለገች አይወሰድም፤ ፎቶውና አሠራሩ ይበቃል። ብትሰጥም ገንዘብ መክፈል አይመከርም። ገንዘብ ሲገባ ዕቃው ለጨዋታ መሠራቱ ቀርቶ ለገዢ መሠራት ይጀምራል፤ ይህንንም ከወለቃና ከስጦታ ዕቃ መደብሮች አይተናል። እኔ የምከተለው መንገድ ልጅቷ ሌላ እንድትሠራ መጠየቅና ስትሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መመዝገብ ነው። የቀደመችው አሻንጉሊት ከእርሷ ዘንድ ትቀራለች፤ ስብስቡ ደግሞ ዕቃውን ከነአሠራሩ ያገኛል።

አራተኛ፣ ዕቃው እንዲቆይ ከተፈለገ እንደ ባሕርይው ይያዝ። ያልተተኮሰ ጭቃ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ርጥበት ካገኘው ወደ አፈርነቱ ይመለሳልና ከርጥበት ይጠበቅ። ቆረቆንዳ ነቀዝ ይወዳል፤ በሙዚየሞች እንደሚደረገው በላስቲክ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ለአንድ ሳምንት ያህል ቢቆይ ተባዩ ይሞታል። ጨርቁ አይታጠብ፤ ጭቃውና ጭሱም የታሪኩ ክፍል ነው።

አምስተኛ፣ ስብስቡ ወደ ሕዝቡ ይመለስ። ዕቃው በዩኒቨርሲቲ መጋዘን ተቆልፎ የሚቀር ከሆነ መጀመሪያውኑ በሜዳ ቢፈርስ ይሻላል፤ በሜዳ ቢያንስ ሌላ ልጅ ታየዋለች። በአካባቢው ትምህርት ቤቶች መታየትና ለቋንቋና ለኅብረተሰብ ትምህርት ማስተማሪያ መሆን ይኖርበታል።

ሁለት ተቃውሞዎችን አስቀድሜ ልመልስ። የመጀመሪያው «ልጆች ዛሬም ይጫወታሉ፤ ምን ጠፋና?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ልጆች ይጫወታሉ፤ መጫወታቸውም ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ31ኛው አንቀጹ ያረጋገጠው መብት ነው። የቆርኪ ስኒ ራሱ እቃቃ አዲስ ነገር የመቀበል አቅም እንዳለው ያሳያል። ነገር ግን የተገዛች የፕላስቲክ አሻንጉሊት ከነዕቃዋ ተሠርታ ስትመጣ ልጅ የምትጫወትባት እንጂ የምትሠራት አትሆንም። ከመሥራት ጋር የሚሄደው ማቴሪያሉን የማወቅ ጥበብ፣ የትኛው አፈር ይያያዛል፣ የትኛው ልጥ አይበጠስም የሚለው ዕውቀት፣ ካልተሠራ አይተላለፍም። ኤሌክትሪክ ምጣድ ባለበት ቤት የምታድግ ልጅ አክንባሎ የሚለውን ቃል ከማን ትሰማለች? ኢትዮጵያ በ2006 ያጸደቀችው የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮንቬንሽን የእጅ ሥራ ዕውቀትን ከቅርስ የሚቆጥረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ብዙ አንገብጋቢ ችግር እያለ» የሚለው ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ስለ ልጆች ጤና፣ ትምህርትና ጋብቻ የሚደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው አዋቂዎችን የሚጠይቁ ናቸው። ልጅ ራሷ ቤቷን እንዴት እንደምታየው፣ ምን ትልቅ ምን ትንሽ እንደሆነባት፣ ማን እንደሚናገርና ማን ዝም እንደሚል ያለ መጠይቅ የምታሳየን በእቃቃ ነው። ያንን ማንበብ የቻለ አጥኚ አንገብጋቢውን ችግር ከሥሩ ያየዋል።

ስለዚህ ለእናንተ፣ በተለይም ከእነማይ፣ ከጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ ከእነብሴ ሳር ምድርና ከሁለት እጁ እነሴ ለመጣችሁ ተማሪዎች፣ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። በመጪው ክረምት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ አንድ የእቃቃ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልከቱ። ከዚያም አንድ ገጽ ጻፉ፤ ዕቃዎቹን በሙሉ ከነስማቸው፣ ከምን እንደተሠሩ፣ ማን ምን ሆኖ እንደተጫወተና ምን እንደተባለ። ዕቃውን ማምጣት ግዴታ አይደለም። የሙኒኩን ቤት አስታውሱ፤ ያተረፈው መዝገቡ ነው። ጭቃው በዝናብ ይፈርሳል፣ መፍረሱም የተፈጥሮው ነው፤ ያ አንድ ገጽ ግን ከፋኩልቲያችን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ይቀመጣል።